«ይህ ድንጋይ ስንት ዓመቱ ነው?» በጎንደር ዙሪያ የዐለት ንብርብሮችን ዕድሜ ደረጃ በደረጃ የማውጣት መመሪያ

ከቀሃ ወንዝ ዳር ወይም ከደባርቅ መንገድ ያነሡትን ቁራጭ ድንጋይ ይዘው «ይህ ስንት ዓመቱ ነው?» የሚሉኝ ተማሪዎች፣ መምህራንና አስጎብኚዎች ብዙ ናቸው። የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። ድንጋዩን ካነሡበት ቦታ ነጥለው ካመጡት፣ ዕድሜውን የሚናገረውን ማስረጃ አብዛኛውን እዚያው ትተውታል። የአንድ ዐለት ዕድሜ የሚታወቀው ከበታቹ ምን እንዳለ፣ በላዩ ምን እንዳረፈ፣ ምን እንደቆረጠውና በውስጡ ምን እንደያዘ ሲመረመር ነው።

ጂኦሎጂስቶች ሥራውን በሁለት ይከፍሉታል። መጀመሪያ የትኛው ንብርብር ከየትኛው እንደሚቀድም ይወስናሉ፤ ይህ አንጻራዊ ዕድሜ ይባላል። ቀጥሎ ለቅደም ተከተሉ በዓመት የተገለጸ ቁጥር ያገኙለታል። የመጀመሪያው ክፍል ትዕግሥትና ጥቂት መሣሪያ ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው የሚችል ሲሆን፣ ሁለተኛው ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ሆኖም ከላቦራቶሪ የሚመጣው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው የመጀመሪያው ክፍል በትክክል ከተሠራ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ መመሪያ ብዙውን ቦታ የሚሰጠው ለመስክ ሥራው ነው።

ከመነሣትዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

ጎንደር ያለችበት የሰሜን ምዕራብ አምባ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በምድር ስንጥቆች እየፈለቀ በተዘረጋ የባዛልት ላቫ የተገነባ ነው። የስሜን ተራሮች በዚሁ ባዛልት ላይ የተቆለለ ሰፊ የእሳተ ገሞራ ተራራ ቅሪት ናቸው። ከጎንደር በስተምዕራብ በጭልጋ ደግሞ በባዛልቱ ላይ ያረፈ የጭቃ፣ የአሸዋ፣ የእሳተ ገሞራ አመድና የድንጋይ ከሰል ንብርብር አለ፤ ዕድሜው ከ28 እስከ 27 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን ቅሪተ አካላትም ይገኙበታል። በጣና ሐይቅ ዳርቻ ያለው ደለል ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ያነሰ ዕድሜ አለው። በአንጻሩ ከባዛልቱ በታች ያሉትን ጥንታዊ ዐለቶች ለማየት እንደ ዓባይ ሸለቆ ያለ ጥልቅ ቦታ ድረስ መውረድ ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ማወቁ የሚጠቅመው የትኛውን ዘዴ የት መጠቀም እንደሚቻል ስለሚወስን ነው። ለምሳሌ በከተማው ዙሪያ ባለው ባዛልት ውስጥ ቅሪተ አካል ፍለጋ መዋል ድካም ብቻ ነው፤ የቀለጠ ዐለት የነካውን ሕይወት ያቃጥላል እንጂ አያቆይም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የጂኦሎጂ መዶሻ፤ የግንበኛ መዶሻ ሲመታ ስለሚሰባበር አይተካውም
- 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ አጉሊ መነጽር
- ኮምፓስ፤ ቢቻል የንብርብርን ዝንባሌ የሚለካ
- 30 ሜትር የጨርቅ ሜትርና አንድ አጭር ሜትር
- በጠብታ ጠርሙስ የተያዘ 10 በመቶ የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ
- ጠንካራ ሽፋን ያለው የመስክ ደብተር፣ እርሳስና የማይለቅ ማርከር
- ወፍራም ፌስታሎችና የናሙና ምልክት ወረቀቶች
- ጂፒኤስ ያለው ስልክ ከካሜራ ጋር
- የዐይን መከላከያ መነጽር፣ የራስ ቁር፣ ጓንትና ጠንካራ ጫማ

እርሳስ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ዝናብ ወይም አሲድ ሲነካው ይጠፋል።

ማስጠንቀቂያ

ቅሪተ አካል በኢትዮጵያ ሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው። ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ መቆፈርም ሆነ ከቦታው ማንሣት አይፈቀድም። ስለዚህ በጭልጋም ሆነ በሌላ ቦታ አጥንት ወይም ጥርስ የሚመስል ነገር ካዩ አይንኩት፤ ፎቶ ያንሡ፣ የጂፒኤስ ነጥቡን ይመዝግቡ፣ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ መዶሻ አይጠቀሙ፤ እዚያ መመልከት፣ መሳልና መለካት ይበቃል።

በገደል ሥር ሲሠሩ ከእርስዎ በላይ ሰው እንዳይኖር ያድርጉ። ከዝናብ በኋላ ባሉት ቀናት የመንገድ ቁርጥ ሥር አይቁሙ፤ በባዛልቱ መካከል ያለው ሸክላ አፈር ውኃ ሲጠጣ የላይኛውን ዐለት ይዞ ይንሸራተታል። አሲዱን ከልጆች ያርቁ፤ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በብዙ ውኃ ይታጠቡ።

አሠራሩ

1. ገጹን ይምረጡ። ንብርብሮች ተቆርጠው በግልጽ የሚታዩበትን ቦታ ይፈልጉ፤ የመንገድ ቁርጥ፣ ወንዝ የሸረሸረው ገደል ወይም የድንጋይ ካባ ይሆናል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ክረምቱ ገጹን አጥቦት ይቆያል፣ ሣሩም እየደረቀ ይሄዳል። ዐለቱ ከመሠረቱ ያልተነቃነቀ መሆኑን ያረጋግጡ። መንገድ ዳር የተከመረ ድንጋይ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ከላይ ተንሸራትቶ የወረደ ትልቅ ቋጥኝም ቤት ቢያክል እንኳ ከቦታው የተነቃነቀ ስለሆነ ስለ ቅደም ተከተል ምንም አይመሰክርም። የሚለዩበት መንገድ በጎንና ጎን ያሉትን ንብርብሮች ማየት ነው። የቋጥኙ መስመሮች ከጎረቤቶቹ ጋር የማይገጥሙ ወይም ዝንባሌያቸው የተለየ ከሆነ ይተዉት።

2. ከሩቅ ይመልከቱ፤ ይሳሉ። ወደ ገጹ ከመጠጋትዎ በፊት 50 ሜትር ያህል ራቅ ብለው ቁሙና ሙሉውን ገጽ በደብተርዎ ይሳሉ። ፎቶም ያንሡ፤ ነገር ግን ፎቶ ሥዕሉን አይተካውም፤ እጅ ሲስል ዐይን መስመሮቹ የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚቋረጡ እንዲመለከት ይገደዳል። ቅርብ ሆነው የማይታዩ ትላልቅ ስብራቶች (ዐለቱ ተሰንጥቆ አንዱ ወገን የተንሸራተተባቸው መስመሮች) እና ዝንባሌዎች የሚገለጡት እዚህ ነው።

3. ከታች ወደ ላይ እየለኩ ይመዝግቡ። እያንዳንዱን ንብርብር ቁጥር ይስጡት፤ የታችኛው ን-1 ይሁን። ውፍረቱን፣ ቀለሙን፣ የቅንጣቱን መጠን፣ ከአሲድ ጋር የሚያሳየውን ጠባይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከታችኛውና ከላይኛው ጋር የሚገናኝበትን ድንበር ይጻፉ። ከታች መጀመር ያስፈለገው ንብርብሮቹ በተፈጠሩበት ቅደም ተከተል ለመጻፍ ነው፤ ያልተገለበጠ ንብርብር ሁሉ ከበታቹ ካለው ያነሰ ዕድሜ አለው።

በአምባው የባዛልት ገጾች ላይ ዐይንዎን ሊስብ የሚገባው፣ በጥቁሩ ዐለት መካከል እንደ መቀነት የሚያልፈው ቀይ መስመር ነው። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት የሚያገኙት ይህን ይመስላል፤ ከታች ያለው ላቫ መካከሉ ጥቅጥቅና ጥቁር ግራጫ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ የአየር አረፋ የተዋቸው ቀዳዳዎች እየበዙ ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹ በነጭ ማዕድን ተሞልተዋል። ጫፉ ላይ ዐለቱ ይሳሳል፣ ይቀላል፣ በጥፍር ይፈረፈራል፤ ከዚያም ሸክላ አፈር ይሆናል። የአፈሩ የላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ግን ተተኩሶ የጠነከረ ነው፤ በላዩ ሌላ ጥቁር ባዛልት በድንገት ይጀምራል። በደብተር ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

«ን-4፤ ውፍረት 0.6 ሜትር፤ ቀይ ሸክላ አፈር፤ የላይኛው 10 ሴንቲ ሜትር የጠነከረ፤ ከን-3 ጋር ድንበሩ ቀስ በቀስ የሚለወጥ፤ ከን-5 ጋር ድንበሩ ስል፤ አሲድ ላይ አይፈላም።»

ይህች አጭር ማስታወሻ ብዙ ታሪክ ይዛለች። ከን-3 ጋር ያለው ድንበር ቀስ በቀስ የሚለወጥ መሆኑ አፈሩ ከዚያው ላቫ መበስበስ የተገኘ መሆኑን ያሳያል፤ ስለዚህ የታችኛው ላቫ ከቀዘቀዘ በኋላ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቁበት ረጅም ዕረፍት ነበረ። ከን-5 ጋር ያለው ድንበር ስል መሆኑና አፈሩ መጠንከሩ ደግሞ አዲሱ ላቫ ትኩስ ሆኖ በአፈሩ ላይ መፍሰሱን ይመሰክራል።

አሲዱ የተፈለገው የኖራ ማዕድንን ለመለየት ነው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር አሲድ ሲነካው ቢፈላ ካልሳይት ነው፤ ባይፈላ ብዙ ጊዜ ዚዮላይት ይሆናል። ሁለቱም ላቫው ከቀዘቀዘ በኋላ ውኃ ያስገባቸው ስለሆኑ የላቫውን ዕድሜ አይናገሩም።

4. የላይና የታች አቅጣጫውን ያረጋግጡ። ንብርብር በመሬት እንቅስቃሴ ሊያዘነብል፣ አልፎ አልፎም ሊገለበጥ ስለሚችል «ከላይ ያለው ያነሰ ዕድሜ አለው» የሚለው ሕግ የሚሠራው አቅጣጫው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በላቫ ውስጥ የአረፋ ቀዳዳዎች በላይኛው በኩል ይበዛሉ። በደረቀ ጭቃ ላይ የተፈጠረ ስንጥቅ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። የዕፅዋት ሥር አሻራ ወደ ታች ይቀጥናል። ወራጅ ውኃ ባወረደው ደለል ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠጠሩ ከታች፣ ደቃቁ ከላይ ይሆናል። በአንድ ምልክት ብቻ አይወስኑ፤ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ሲስማሙ ይመዝግቡ።

5. የሚቆርጡትን ይለዩ። አንድን ነገር የሚቆርጥ ነገር ሁሉ ከተቆረጠው በኋላ የመጣ ነው። በባዛልቱ ገጽ ላይ ንብርብሮቹን ሰንጥቆ እንደ ግድግዳ የቆመ ዐለት ካዩ፣ ከታች የመጣ ቅልጥ ዐለት በስንጥቅ ውስጥ የቀዘቀዘ ነው፤ ዳይክ ይባላል፤ ከሰነጠቃቸው ንብርብሮች ሁሉ ያነሰ ዕድሜ አለው። ጫፉ የት እንደሚያልቅ ይከተሉ። በን-6 ውስጥ አልፎ ን-7ን ሳይቆርጥ ከቆመና ን-7 የተሸረሸረ ጫፉን ከሸፈነው፣ ዳይኩ ከን-6 በኋላ ከን-7 በፊት ነው። ስብራትም በዚሁ መንገድ ይታያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ስለሆነ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቅልጥ ዐለት በሁለት ንብርብሮች መካከል ተጋድሞ ሊገባ ይችላል፤ «ሲል» (sill) ይባላል። ሲቀዘቅዝ ከላቫ ጋር ይመሳሰላል፤ ሆኖም በላዩ ካለው ንብርብር እንኳ ያነሰ ዕድሜ አለው። የሚለየው በድንበሩ ነው። ላቫ ሲፈስ ትኩስነቱ የሚያጠነክረው የበታቹን ብቻ ነው፤ በላዩ ያለው የመጣው ከቀዘቀዘ በኋላ ነውና። በመካከል የገባው ግን ከላይም ከታችም ያለውን ያጠነክራል፤ የላይኛው ጫፉም አልበሰበሰም፣ አፈርም አልሆነም። ስለዚህ ማንኛውንም ባዛልት «ላቫ» ብለው ከመጻፍዎ በፊት የላይኛውን ድንበር በአጉሊ መነጽር ይመርምሩ።

በአንድ ዐለት ውስጥ የሌላ ዐለት ስብርባሪ ካለም ስብርባሪው ይቀድማል። ለምሳሌ በሌላ ገጽ ላይ በን-5 ደለል ውስጥ የን-3 ባዛልት ጠጠር ካገኙ፣ ን-5 ከመከማቸቱ በፊት ን-3 ተፈጥሮ፣ ቀዝቅዞና ተሸርሽሮ ነበር ማለት ነው።

6. የጠፋውን ጊዜ ይፈልጉ። ውፍረት ጊዜን አይለካም፤ ይህን በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ቢጽፉት አይበዛም። ከደባርቅ በታች በሊማሊሞ ቁልቁለት የሚታየው ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባዛልት ክምር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአብዛኛው 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ የተዘረጋ ነው። አንድ ላቫ ፈስሶ ለመቀዝቀዝ የሚፈጅበት ጊዜ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም፤ ጊዜው በአብዛኛው ያለው በላቫዎቹ መካከል ባሉት ስስ ቀይ መስመሮች ውስጥ ነው።

ከዚህም የሚብሱ ክፍተቶች አሉ። ከጎሃጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ሲወርዱ፣ ከላይ ያለው ባዛልት በቀጥታ በአሸዋ ድንጋይ ላይ አርፎ ይታያል። ድንበሩ በመዳፍ የሚሸፈን ነው፤ በሁለቱ መካከል የጠፋው ጊዜ ግን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ነው። ክፍተት መኖሩን የሚያሳዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ የተሸረሸረና ወጣ ገባ የሆነ ድንበር፣ የጥንት አፈር፣ ከበታቹ ካለው ዐለት የተገኘ ጠጠር፣ ከድንበሩ በላይና በታች የተለያየ የንብርብር ዝንባሌ። ያገኙትን እያንዳንዱን ክፍተት በሥዕሉ ላይ በሞገድ መስመር ያመልክቱ። ይህን ካላደረጉ የሚያዘጋጁት የዕድሜ ሰንጠረዥ ያልተቋረጠ ታሪክ ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ገጽ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

7. ቅሪተ አካላቱን በቦታቸው ያንብቡ። ቅሪተ አካል ለዕድሜ የሚጠቅመው ፍጥረታት በምድር ላይ በተወሰነ ቅደም ተከተል ስለታዩና አንድ ጊዜ የጠፋው ዝርያ ተመልሶ ስለማይመጣ ነው። ከሁሉም የሚመረጠው በአጭር ዘመን የኖረ፣ በሰፊ ቦታ የተሰራጨና በቀላሉ የሚለይ ዝርያ ነው። በዓባይ ሸለቆና በመቀሌ አካባቢ ባለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚገኙት የባሕር ቅሪተ አካላት ዐለቱ በጁራሲክ ዘመን፣ ማለትም ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ባሕር ሥር የተከማቸ መሆኑን ያሳያሉ።

ብዙ ዝርያዎች አብረው ሲገኙ የዘመኖቻቸውን መደራረብ ይፈልጉ። ለምሳሌ አንዱ ዝርያ ከ34 እስከ 26፣ ሌላው ከ28 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ የኖረ ቢሆን፣ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው ንብርብር ከ28 እስከ 26 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ የተከማቸ ነው።

የጭልጋ ንብርብሮች የዚህን ዘዴ ጥቅምም ወሰንም ያሳያሉ። በዚያ በአፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች የነበሩት አርሲኖይተሪየም የተባለ እንስሳ ተገኝቷል፤ ይህ እንስሳ በግብፅ ፋዩም በሚገኙ ከዚያ በሚቀድሙ ንብርብሮች በደንብ ይታወቃል። ከእርሱ ጋር ግን ቀድሞ ከዚያ ባነሱ ንብርብሮች ብቻ ይታወቁ የነበሩ የዝሆን ዘመዶች ተገኝተዋል። በእንስሳቱ ብቻ ቢፈረድ አንዱ ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ፊት በጎተተው ነበር። ክርክሩን የፈታው በአመድ ንብርብሮቹ ላይ የተሠራው የፖታሲየምና የአርጎን ልኬትና የዐለቱ ማግኔታዊ አቅጣጫ ነው (ሁለቱም በደረጃ 9 ተብራርተዋል)። ስለዚህ የአንድ ዝርያ ዘመን ሲጻፍ እስካሁን በተገኘው ላይ የተመሠረተ መሆኑን ያስታውሱ፤ አዲስ ግኝት ዘመኑን ሊያስረዝመው ይችላል።

የተገኘው ቅሪተ አካል ከሌላ ንብርብር ታጥቦ የመጣ አለመሆኑንም ያረጋግጡ። ጠርዙ የተድበለበለ፣ የተሰባበረ፣ ከያዘው ደለል የተለየ ነገር የተጣበቀበት አጥንት ተጠርጣሪ ነው። በአንጻሩ ሙሉ ሆኖ የተዘረጋ ቅጠል ወይም ሥሩን በአፈሩ ውስጥ እንደሰደደ የቀረ ግንድ እዚያው የኖረ ነው።

8. ከሌላ ገጽ ጋር ያገናኙ። አንድ ገጽ ሙሉውን ታሪክ አይይዝም። በሸለቆ ማዶ ካለው ገጽ ጋር ንብርብሮቹን ያዛምዱ፤ ከኮሶዬ አፋፍ ሆኖ የሚያይ ሰው የባዛልቱ ደረጃዎች ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው በመስመር ሲቀጥሉ ይመለከታል። በቀለምና በከፍታ መመሳሰል ብቻ ግን አይታመንም፤ ስብራት አንዱን ወገን ዝቅ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚሻለው ማገናኛ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመድ በአጭር ጊዜ ውስጥ በሰፊ አገር ላይ ስለሚወርድ፣ በሁለት ቦታ የተገኘ የአንድ ፍንዳታ አመድ ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን ያገናኛቸዋል።

9. ለቁጥሩ የሚሆን ናሙና ይውሰዱ። መጀመሪያ ምን መለካት እንደሚፈልጉ ይወስኑ፤ የልኬት ዘዴ ሁሉ የሚለካው የአንድን የተወሰነ ክስተት ጊዜ ነውና። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የፋሲል ግቢ ነው። ከግንቡ አንድ የባዛልት ቁራጭ ወስደው ቢያስለኩ የሚመጣው ቁጥር በሚሊዮኖች የሚቆጠር ይሆናል፤ ላቫው የቀዘቀዘበት ጊዜ ነውና። ከተማዋ የተቆረቆረችው ግን እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ደለልም እንደዚሁ ነው። በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያለች ቅንጣት የምትናገረው የተገኘችበትን የቀድሞ ዐለት ዕድሜ እንጂ አሸዋው የተከማቸበትን ጊዜ አይደለም። ስለዚህ ደለል ብዙ ጊዜ የሚለካው ከበላዩና ከበታቹ ባሉ ላቫዎች ወይም አመዶች ነው።

ዘዴዎቹ በአጭሩ እነዚህ ናቸው።

ካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜው (ካለው ግማሹ ፈርሶ የሚያልቅበት ጊዜ) 5,730 ዓመት ስለሆነ የሚያገለግለው እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ላለ የሕያዋን ቅሪት ነው። ከጣና ሐይቅ ሥር በተወሰደ ደለል ላይ ሲሠራበት፣ ሐይቁ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ለማወቅ አስችሏል። ለጭልጋ ግን አይሆንም፤ የሚለካ ካርቦን 14 አልቀረም።

የፖታሲየምና የአርጎን ዘዴ ለአምባው ባዛልትና ለአመዶቹ ዋናው ነው። የፖታሲየም 40 ግማሽ ዕድሜ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ አርጎን ጋዝ ስለሆነ ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን በማዕድኖቹ ውስጥ መከማቸት ይጀምራል። በ30 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ የሚፈርሰው ፖታሲየም 40 ከ2 በመቶ ያንሳል፤ ከዚያም ውስጥ ወደ አርጎን የሚለወጠው አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ ነው። መጠኑ ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ የበሰበሰ ናሙና ጥቂት አርጎን ቢያመልጠው እንኳ ቁጥሩ ይዛባል።

ዩራኒየምና ሊድ፣ በዚርኮን ማዕድን ውስጥ ሲለኩ፣ ለጥንታዊ ዐለቶች የተመረጡ ናቸው፤ የዩራኒየም 238 ግማሽ ዕድሜ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ነው። ባዛልት ግን ዚርኮን እምብዛም ስለማይይዝ በዙሪያችን በብዛት አይሠራበትም።

ናሙናውን ከላቫው መካከል፣ ቀዳዳ ከሌለበትና ነጭ ማዕድን ካልሞላበት ክፍል ይውሰዱ። በመዶሻ የውጭውን ቡናማ ቅርፊት አራግፈው፣ ሲሰበር የሚጮኽና ጥቁር ግራጫ የሆነውን ልብ ያስቀሩ። የቡጢ ያህል የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይያዙ፤ አንዱ ይላካል፣ አንዱ ይቀመጣል። የንብርብሩን ቁጥር በድንጋዩ ላይ፣ በወረቀቱና በፌስታሉ ላይ ይጻፉ። ለማግኔት ልኬት የሚሆን ከሆነ ከገጹ ከመንቀሉ በፊት የሰሜን አቅጣጫንና የላይኛውን ገጽ በድንጋዩ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ዐለቱ ሲቀዘቅዝ የያዘው የምድር ማግኔት አቅጣጫ የሚነበበው ከዚህ ተነሥቶ ነው። የምድር ማግኔት አቅጣጫ በየዘመኑ ይገለባበጣል፤ የመጨረሻው መገልበጥ ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነበር። የሊማሊሞ ክምር ባጭር ጊዜ የተዘረጋ መሆኑን ካሳዩት ማስረጃዎች አንዱ በዚያ ሁሉ ውፍረት ውስጥ የተመዘገቡት መገለባበጦች ጥቂት መሆናቸው ነው።

10. ቁጥሩን ከቅደም ተከተሉ ጋር ያስታርቁ። ከላቦራቶሪ የሚመጣ ዕድሜ ሁልጊዜ ከስሕተት ወሰኑ ጋር ይጻፋል። በን-3 ላይ 28.0፣ በን-7 ላይ 27.0 ሚሊዮን ዓመት ተገኘ እንበል፤ የሁለቱም ወሰን 0.2 ከሆነ በመካከላቸው ያለው የን-5 ቅሪተ አካል ዕድሜ በሁለቱ መካከል ነው፤ ከዚህ ጠበብ አድርገው አይጻፉ። ሁለቱ ቁጥሮች 28.0 እና 27.9 ቢሆኑ ኖሮ ወሰኖቻቸው ስለሚደራረቡ ልኬቱ ማን እንደሚቀድም አይናገርም፤ ቅደም ተከተሉን የሚናገረው መስኩ ነው።

የላይኛው ንብርብር ከታችኛው የበለጠ ዕድሜ ቢያሳይስ? ቁጥሩን ተከትለው ንብርብሮቹን አይገልብጡ። በቅድሚያ የናሙናውን ምልክት ይፈትሹ፤ የተቀያየረ ፌስታል ከሚያስቡት በላይ ያጋጥማል። ቀጥሎ ወደ ገጹ ተመልሰው የታችኛው «ላቫ» በመካከል የገባ «ሲል» አለመሆኑን በደረጃ 5 መሠረት ይመርምሩ። ከዚያም የታችኛው ናሙና በመበስበስ አርጎን አጥቶ እንደሆነ፣ የላይኛው አመድ ደግሞ ከቀድሞ ዐለት የተቀላቀለ ማዕድን ይዞ እንደሆነ ላቦራቶሪውን ይጠይቁ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ባዛልት ሲበሰብስ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ክብ ድንጋይ ይተዋል። በአፈር መካከል ተደርድረው የሚታዩትን እነዚህን ክቦች ብዙዎች ወንዝ ያመጣው ጠጠር አድርገው ይመዘግባሉ። ወንዝ ያመጣው ጠጠር በዓይነቱ ይለያያል፤ የበሰበሰው ባዛልት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ከመሆኑም በላይ ዙሪያውን ልጣጭ አለው።

በስንጥቅ ውስጥ ጥቁር የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስል ሥዕል ብዙ ጊዜ የማንጋኒዝ ማዕድን ነው። የዕፅዋት ቅሪተ አካል በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሥሮች፣ የቅጠል ጅማቶች ወይም የእንጨት ቃጫ ያሳያል።

በጥንካሬ ወይም በጥቁረት ዕድሜን መገመት አይቻልም። በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ያለው ወጣት ባዛልትና የሊማሊሞው ባዛልት በእጅ ሲያዙ ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

ቅሪተ አካል ያልተገኘበትን ንብርብር «ሕይወት ያልነበረበት ዘመን» ብሎ መጻፍም ስሕተት ነው፤ አፈሩ አሲዳማ ከነበረ አጥንት ይሟሟል። «አልተገኘም» ብለው ይጻፉ፤ ምን ያህል ስፋት ያለውን ገጽ እንደፈተሹም አብረው ያስፍሩ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ የጂፒኤስ ነጥብ ብቻ ጽፎ ከፍታን መተው ነው። በቀጥታ ቁልቁለት በሆነ ገደል ላይ አሥር ንብርብሮች አንድ ዓይነት የካርታ ነጥብ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ ናሙና ከን-1 ሥር ጀምሮ በሜትር የተለካውን ቁመት ይመዝግቡ።